ወይን ጠጁ ጋቢ

ቡሬ ገበያ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ፈትልና ጋቢ ስሸጥ የሚያውቁኝ ሴቶች «ጡረተኛዋ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ጡረታ የሚወጣው ፀጉሩ የሸበተ ነው፤ እኔ ገና ልጅ እግር ነኝ። ቢሆንም ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የገባሁበት ሥራ ከእጄ ወጥቷልና ስሙ አያስከፋኝም። ቢፒአር የሚባለው የመሥሪያ ቤት ማሻሻያ ሲመጣ ለቁስል ክፍል ረዳት ዲፕሎማ ያስፈልጋል ተባለ። ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ፈርሜ ወጣሁ። ደመወዙም ቢሆን የሚያስቆጭ አልነበረም። የሠራሁባቸውን የሕክምና ቤቶች ስም አልጠራም። የምጽፈው ስለ አንድ ዓይነት ቁስል፣ ሥራውን ስላስተማሩኝ ሴትና ፈረስ ቤት ከሚባል አገር ስለ መጣች አንዲት ሴት ነው።

ስሜ ሰዓዳ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው፤ የአባቴም አባት ሸማኔ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ እዚሁ ቡሬ በጽዳት ነበር። አለቃዬ የድሮ ወታደር ነበሩ፤ በየጠዋቱ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብለው «ጥርሴን ካላየሁበት አልታጠበም» ይሉ ነበር። አይናፋር ነኝ፤ ሰው ስሜን ሲጠራ ጆሮዬ ይግላል። ስለዚህ ሳልጠራ አጥብ ነበር፣ ጥርሳቸው እስኪታይ።

ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ። እዚያም ጽዳት ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን የቁስል ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወርቅነሽ በር ላይ ቆመው ባልዲዬን ሳላስጮኽ ሳስቀምጥ አዩኝ መሰለኝ አስተዳደሩን «ይቺን ስጡኝ» አሉት።

«ሲስተር፣ እሷ እኮ አትናገርም።»

«ለዚያ ነው የፈለግኋት። ቁስል ወሬ አይወድም።»

ሲስተር አጭር ሴት ነበሩ። ቁስል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ያሞቁ ነበር፤ ቀዝቃዛ እጅ ሕመምተኛን ያስደነግጣል ይላሉ። ሕመምተኛ ላይ ቆመው አያናግሩም፤ ዱካ ስበው ፊታቸውን ከፊቱ እኩል ያደርጋሉ። ጎዝ፣ የቁስል መሸፈኛው ስስ ጨርቅ፣ ቁስል ላይ ሲደርቅ አንድም ቀን ሲገነጥሉት አላየሁም። ተፈልቶ የበረደ የጨው ውኃ ያንጠባጥቡበትና «ይጠጣ» ብለው ይቀመጣሉ። እስኪጠጣ ስለ በሬው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳጉሳው ይጠይቃሉ። ወሬ አትወዱም አልነበር እንዴ እል ነበር በልቤ። ኋላ ገባኝ። ሰውየው ስለ በሬው ሲያወራ ትከሻው ይላላል፤ ትከሻው ሲላላ ጎዙም ይለቃል። ከተነሣ በኋላ ደግሞ ከቁስሉ በፊት ጎዙን ነበር የሚያዩት። «ቁስሉ የዛሬን ነው የሚነግርሽ፤ ጎዙ ትናንት ያደረበትን ይነግርሻል» ብለውኛል።

የጨረር ቁስል ያየሁት እዚያ ነው። ያን ጊዜ ለካንሰር ጨረር የሚሰጠው አዲስ አበባ ብቻ ነበር። ሰው ከብቱን ሸጦ ይሄዳል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ከተሳካለት እጢው ጠፍቶለት እያመሰገነ ይመለሳል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ጨረሩ የነካው ቆዳ ይጠቁራል፤ እንደ ቁርበት ይደርቃል። ከዚያ አንድ ቀን ይከፈታል። እኔ ካንሰሩ የተመለሰ ይመስለኝ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ጨረሩ ክፉውን ሲገድል ሥጋውን የሚመግቡትን ቀጫጭን ደም ሥሮች አብሮ ያደርቃል። ሥጋው ይራባል። ትልልቆቹ ደም ሥሮች ይቆያሉ፣ ግን ግድግዳቸው ተሰባሪ ይሆናል።

አንዲት ከአዴት በኩል የመጡ እናት ነበሩ፤ ደረታቸው ላይ ጨረር ተሰጥቷቸው ነበር። ልጃቸው ጎዙ ደረቀ ብሎ እቤት ገንጥሎት ደሙ አልቆም ብሎ አመጣቸው። እኔ በጨርቅ ልጠርግ እጄን ስዘረጋ ሲስተር ያዙኝ።

«አትጥረጊ። በጠረግሽ ቁጥር የረጋውን ትወስጂበታለሽ። ተጫኚ፤ ቆመሽ ተጫኚ።»

እጄ እስኪደነዝዝ ተጫንኩ። ቆመ። እናትዬዋ ከሄዱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ትንሽ ስለተነካ ብቻ ለምን እንዲህ ይደማል አልኩ። ሲስተር ስለ ደም ሥር ግድግዳ ሊያስረዱኝ ሞከሩ፣ ቃል አጠራቸው።

«ፀሐይ የመታው ድር ነው?» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?»

ነገርኳቸው። ልቃቂት መስኮት ላይ ተረስቶ ፀሐይ ሲመታው ከከረመ ሲያዩት ያምራል፤ እንዲያውም ይነጣል። በእጅ ሲነኩትም ደህና ነው። ሸማኔው ወጥሮ ሲመታው ግን ይበጠሳል። ቢቋጥሩት ከቋጠሮው አጠገብ ደግሞ ይበጠሳል። አባቴ እንዲህ ያለውን ክር አይጥልም፤ ለጫፍ መቋጠሪያ ብቻ ያውለዋል።

ሲስተር ዱካቸውን ወደ እኔ ሳቡ። «ኦፕራሲዮን የሚያደርጉትም የሚያማርሩት ይህንኑ ነው» አሉ። «የሰፉት ይይዛል፤ አጠገቡ ይቀደዳል።» ከዚያ ወዲያ ለታማሚ ሁሉ በክሩ ምሳሌ ነበር የሚያስረዱት።

እናኑ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የፈረስ ቤት ገበሬ የአቶ ምንይችል ሚስት ናት፤ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አንቱ ስላት «አሮጊት አታድርጊኝ፣ እቴ» አለችኝ። አንገቷ ላይ የነበረው እጢ በጨረር ጠፍቶላት፣ ከዚያም በኋላ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ደህና ኖራለች። አሁን ከመንጋጋዋ ሥር ተከፍቷል። ሻሿን ፈትተን ጎዙ ጠጥቶ ሲለቅ ከቁስሉ ወለል ላይ አንድ ነገር ሲመታ አየሁ። ራቁቱን የወጣ ትልቁ የአንገት ደም ሥር ነበር።

«ደምቶ ያውቃል?» አሉ ሲስተር።

«ትንሽ፣ ባለፈው ሰሞን» አሉ አቶ ምንይችል። «በራሱ ቆመ፣ ተመስገን።»

ሲስተር ተመስገን አላሉም። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ያ መልእክተኛ ነው» አሉኝ። «ትልቁ ደም ከመምጣቱ በፊት ትንሹ ይመጣል።»

አዲስ አበባ ተላከች። ከደረቷ ደህና ሥጋ አምጥተው ሊሸፍኑት ሞከሩ፤ ጠቆረና ወደቀ። ደም ሥሩን እንቋጥረው ቢሉ ግማሽ አካሏ ሽባ ሊሆን ይችላል፤ ክሩን የሚይዝ ጤነኛ ሥጋም የለም። መለሷት። ከዚያ በኋላ ሕክምናዋ የእኛ ሆነ።

በየሳምንቱ በአይሱዙ ተጭነን ፈረስ ቤት እንወጣ ነበር። ቁስሉ እንዳይደርቅ ቫዝሊን የነካው ጎዝ እናለብሰዋለን፤ የደረቀ ደም ሥር ይሰነጠቃል። ፋሻ አንገቷን ዙሮ አይታሰርም፤ በብብቷ ሥር አሳልፈን ጀርባዋ ላይ እናስራለን። ሰገራ ስትቀመጥ እንዳታምጥ ተልባ ትጠጣለች። እንስራ አታዝልም፣ ወፍጮ ላይ አትጎነበስም። ጠበሉን ትጠጣዋለች እንጂ ከላይ አይወርድባትም፤ ይህን ሲስተር ከቄሱ ጋር ቁጭ ብለው ነው የተስማሙበት።

አንድ ቀን ሲስተር ቡሬ ድረስ መጥተው አባቴን ወፍራም ጋቢ አዘዙት፣ ወይን ጠጅ ቀለም።

«ወይን ጠጅ?» አለ አባቴ። «ሲስተር፣ ጎጃም ውስጥ ይሄን ማን ይለብሳል? ለሰርግ ነው ለለቅሶ?»

«ለሁለቱም አይደለም።»

«ጥቁር አይሻልም? ቀለሙ አይለቅም።»

«ጥቁር ይዤ ብገባ ሳትሞት ገነዟት ይሉኛል።»

ምክንያቱን መኪና ላይ ነገሩኝ። ደም ነጭ ጋቢ ላይ ሲፈስ አንድ ጣሳው ወንዝ ይመስላል። ያየ ሰው ይሸሻል፤ ሕመምተኛዋም መሞቷን ከሚሸሸው ሰው ፊት ላይ ታነብባለች። ወይን ጠጅ ላይ ግን እርጥበት ብቻ ነው። «እንዳትሞት ማድረግ ካልቻልኩ ብቻዋን እንዳትሞት አደርጋለሁ» አሉ።

ለቤተሰቡ ግን ሲስተር አጭር ቃል ነበር የተናገሩት፦ አንገቷን አትንኩ፣ አትቀፏት፣ አትሳሟት። በእኛ አገር ሰው ሲገናኝ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ነው፤ ለዚያ ደም ሥር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቃሉ ከቤት ወጥቶ መንደሩን ሲዞር «ይተላለፋል» ሆነ። በሚቀጥለው ስንሄድ ጎረቤቶቿ ከአጥሩ ውጭ ቆመው እጅ ይነሣሉ። ዋንጫዋ ተለይቶ ተሰቅሏል። ልጇ አያቷ ቤት ትተኛለች። የማርያም ማኅበርተኛም ነበረች፤ ተራዋ ሲደርስ «አንቺ እረፊ» ብለው ጽዋውን ለቀጣዩ ቤት አሳለፉባት።

እኔ ጎዙን ሳስጠጣ «ሰዓዳዬ» አለችኝ፣ «ቀብሬ ላይ ይመጣሉ አይደል? ያን ጊዜ ሕመሜ አይጋባባቸውም።»

ሲስተር ሰሙ። ከወጣን በኋላ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «አትንኳት ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለደም ሥሩ ያልኩትን ለእሷ ሰሙት።»

በሳምንቱ ማኅበርተኞቹን አቶ ምንይችል ግቢ ሰበሰቧቸው። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሲስተር ተናግረው ሲያበቁ «አሁን ሰዓዳ ታሳያችኋለች» አሉ። ሳይነግሩኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከአባቴ ያመጣሁትን ፀሐይ የመታው ክር አወጣሁና የሆነ ነገር አልኩ።

«ድምፅሽ ከክሩ ይቀጥናል፣ ልጄ» አሉ አያ ደምለው። «ትንሽ ወፈር አድርጊው።»

ሳቁ። እኔም ትንሽ ወፈር አደረግሁት። ክሩን ለአንዲት ሴት ሰጠሁና ዳብሺው አልኳት፤ ዳበሰችው። ወጥሪው አልኳት፤ ተበጠሰ። ሌላ ደህና ክር ከብጣሹ ጋር አንድ ላይ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ደህናውን ወጠረችው፣ አልተበጠሰም። «አየሽ፣ አይጋባም» አልኩ። «ሲወጠር ብቻ ነው። የእናኑም አንገት እንደዚህ ነው።»

ክሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ አያ ደምለው «ታዲያ በምን እንሳለማት?» አሉ።

«እጇን ያዙ» አሉ ሲስተር።

«እጅ መጨበጥ ለወረዳ ሰው ነው። እኔ ጉልበቷን እስማለሁ።»

«ኧረ አያ ደምለው» አለች አንዷ፣ «ጎንበስ ካሉ ማን ያነሣዎታል?»

«አንቺ ታነሽኛለሽ። ያኔ እንኳ ትነኪኛለሽ።»

ጽዋው ወደ እናኑ እንዲመለስ ተስማሙ። ልጇም በዚያው ሳምንት ወደ ቤት ገባች።

የማኅበሩ ቀን ማለዳ ደረስን። ቤቱ ተለቅልቆ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ጠበቀን። ለእኔም እስላም ናት ተብሎ ሽሮ ለብቻ በአዲስ ድስት ተሠርቶልኝ ነበር። እንግዳ ሳይገባ ቁስሉን ለማልበስ ጓዳ ገባን። ጎዙ ሲነሣ ሲስተር እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ እሱን አዩ። የበርበሬ ፍሬ የምታህል ትኩስ ቀይ ነጥብ ነበረችበት። ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«እናኑ፣ መልእክተኛው ተመልሷል።»

«ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ይሁን ከርሞ አላውቅም። አይሱዙው ሳይመለስ ፍኖተ ሰላም ልውሰድሽ።»

«እዚያ ምን ያደርጉልኛል?»

ሲስተር አይዋሹም። «ይጫኑልሻል» አሉ።

«እዚህስ?»

«እኔና ሰዓዳ እንጫንልሻለን።»

እናኑ ሻሿን አስተካከለች። «እንግዲያ ጽዋዬን አወጣለሁ። ለማንም እንዳትነግሩብኝ። ስንት ጊዜ ጠብቄ የመጣውን ሰው አትበትኑብኝ።»

ቃል ገባንላት። ወይን ጠጁን ጋቢ ደርባ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አያ ደምለው ጉልበቷን ሲስሙ እውነትም መነሣት አቅቷቸው ሁለት ሴቶች አነሷቸው፤ እናኑ አንገቷን ሳታንቀሳቅስ በዓይኗ ሳቀች። ሌሎቹም እየጎነበሱ ሳሟት። ሴቶቹ አጠገቧ፣ ትከሻቸው ትከሻዋን ሊነካ ምንም እስካልቀረው ድረስ ተጠግተው ተቀመጡ። ልጇ ጋቢው ሥር ገባች።

ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ሲዞር በሩ ላይ አንድ ጎረምሳ ቆመ። ታናሽ ወንድሟ ጋሻው ነበር፤ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ከሄደ ከርሟል። ስለ ክሩ አልሰማ፣ ስለ አንገቷ አልሰማ። አቶ ምንይችል «ቆይ! ቆይ!» እያሉ ከማዶ ተነሡ። እኔ ከበሩ ይልቅ ለእሷ ቅርብ ስለነበርኩ ያየሁት እሷን ነው። ከዚያ ልጁ ደረሰባትና ተቃቀፉ፤ በቀኝም በግራም።

ተመልሳ ተቀመጠች። እጇን ሻሿ ላይ አደረገች። ሲስተር ደርሰው ጣታቸውን ሲያሳርፉ እኔም እንዳስተማሩኝ በላያቸው አሳረፍኩ። ሐኪም ለዚህ ቀን ያዘዘላትን የማስታገሻ መርፌ ሲስተር በሌላ እጃቸው ወጓት። ከጣቶቻችን መሀል የሚመጣውን አላወራም። አባቴ የሸመነው ጋቢ ጠጣው፣ ጠጣው፣ እርጥብ ብቻ ሆነ። አንድም ሰው አልሸሸም። ሴቶቹ እግሯን ያዙ፤ አያ ደምለው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ልጇ «እማ ተኛች?» ስትል አንዷ «አዎ፣ ደክሟት ነው» ብላ አቀፈቻት። ጋሻው የእህቱን እጅ እንደያዘ፣ እጇ እስኪላላ ድረስ ነበረ።

ደጅ ላይ ሲስተር እጃቸውን ሲታጠቡ መጣ። «እኔ ነኝ?» አላቸው።

«አንተ አይደለህም።»

አላመናቸውም። ለእያንዳንዱ ገዳይ የሚባል የማጽናኛ ቃል መሰለው። ቃል ስለ ገባን ሌላ አልጨመሩም። ስንመለስ መኪናው ላይ ሲስተር እንዲህ አሉ፦ «ሰውን መለስንላት። በሩ ላይ ግን ሰው አላቆምንም።» ከዚያ በኋላ ብዙ ቁስል አብረን አየን፤ ስለዚያ ቀን ግን ሲያነሡ አልሰማሁም። አሁን ጡረታ ወጥተው ደብረ ማርቆስ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል።

እኔም ወደ ፈትል ተመለስኩ። የቁስል ክፍሉ እስከ ዛሬ ወይን ጠጅ ጋቢ ያዝዘናል፤ ቀለሙን የምነክረው እኔ ነኝ። በዚህ ዓመት አንድ የገበያ ቀን፣ አባቴ ጫፍ ሊቋጥር ዞር ባለበት፣ አንድ ሰው ከፊቴ ቆሞ ያንን ጋቢ በእጁ ጀርባ ዳበሰ። ጋሻው ነበር። ከስቷል። አቶ ምንይችል አንድ ጊዜ ነግረውኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም አቅፎ አይሰላመም፣ እናቱን እንኳ ከሩቅ እጅ ነሥቶ ነው የሚያልፈው።

«አንቺ አጠገቧ ነበርሽ» አለኝ ሰላምታ ሳይሰጠኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ?»

ጆሮዬ ጋለ። ለእሷ የገባሁት ቃል ሰው እንዳይበተንባት ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ መጥቶላታል፤ አብሯት ሆኖ ሸኝቷታል። የቀረው ይህ ወንድሟ ብቻ ነው።

«ያን ጠዋት ጎዙ ላይ ደም ነበር» አልኩት። «ሲስተር ነገሯት። እንሂድ ቢሏት እንቢ አለች። ለሰው እንዳንነግር ያስማለችን እሷ ናት።»

«እያወቀች?»

«እያወቀች።»

ጋቢውን ለቀቀ። «እኔ እኮ» አለ፣ «ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳይ ደንግጬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ባሏም ቆይ ሲለኝ ቆሜያለሁ። ተነሥታ እጇን የዘረጋችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሳስበው ውሸቴን ይመስለኛል፤ ለራሴ ሰበብ የፈጠርኩ።»

«ውሸትህን አይደለም» አልኩት፤ ድምፄን ወፈር አድርጌ። «አይቻለሁ። ቀድማ የዘረጋችው እሷ ናት።»

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አባቴ ተመልሶ «ይሄን ሁሉ ቆሞ ምን ገዛ?» አለኝ።

«ምንም።»

ቀና ስል ጋሻው ከገበያው መሀል ተመልሶ እየመጣ ነበር። እኔን አልፎ አባቴ ዘንድ ደረሰና በሁለት እጁ ያዘው፤ በቀኝ ትከሻ፣ በግራ ትከሻ፣ ደግሞ በቀኝ። አባቴ ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ መቋጠሪያ ክሩን እንደያዘ፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት።